የባዶ ሆዴ ምስክር

የእኔ እንቅልፍ ከባድ ነው። ይህን የማያውቅ ዘመድ የለኝም። አባቴ ሰንበቴ ከተማ ገበያ ላይ ፍየል ይነግድ ነበር። ልጅ ሳለሁ ለገበያ የመጡት ፍየሎች ከራስጌዬ ታስረው ሌሊቱን ሙሉ ሲጮሁ እኔ ንቅንቅ አልልም። ከተዳርኩ በኋላም ባሌ ለመጣ ለሄደው ሁሉ «እሷ አንዴ ከተኛች ቤቱን ነቅለው ቢወስዱት አታውቅም» እያለ ሲያስቅብኝ ኖሯል። አብሬ እስቅ ነበር፣ እውነቱን ነዋ! ቀን ሲመጣ ግን ያ ሁሉ ሰው የሚያውቀው እንቅልፌ ባሌን ጠፋው። ነገሬን ከዚህ የምጀምረው ለዚህ ነው።

የምንኖረው ከሚሴ ነው፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ። ባሌ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናው በረንዳችን ላይ ተቀምጣለች። ከሁለቱ ሴት ልጆቻችን ትልቋ ጂዳ ናት። ታናሿ አስተማሪ ናት፣ ከእኛው ጋር ትኖራለች። ስኳር ያገኘኝ ድሮ ነው። ማታና ጠዋት ኪኒን እውጣለሁ፣ ይኸው እኖራለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። የጂዳዋ ጣት ወግቶ ደም የሚለካውን ማሽን ላከችልኝ። አስተማሪዋ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጣቴን ትወጋና ቁጥሩን ታነብልኛለች።

አምና ሐኪሙ ሮመዳንን ከለከለኝ። ለሰው ሲናገሩት ቀላል ነው። እኔ ግን ጡቴ ሳያጎጠጉጥ ጀምሬ የሶምኩ ሰው ነኝ። ያን ወር ሙሉ ምሳዬን ከመጋረጃ ጀርባ እየዋጥኩ፣ ጎረቤት ሲገባ አፌን ጠርጌ ብቅ እያልኩ ከረምኩ። ፀሐይ ገብታ መግሪብ ሲል ሁሉም ተምሩን አንስቶ ቢስሚላህ ሲል እኔ እንደ ሌባ እጄን ሰብስቤ እቀመጣለሁ። አላህ ለበሽተኛ ፈቅዷል ይሉኛል። ፈቅዷል፣ አልካድኩም! ልቤ ግን እሺ አላለም።

ስለዚህ ዘንድሮ ገና በረጀብ፣ ሮመዳን ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው፣ ወደ ሐኪሙ ሄድኩና «ልሶም እፈልጋለሁ» አልኩት። ልጅ እግር ነው፣ ትዕግሥት አለው። ካርዴን አገላብጦ «እስቲ የባዶ ሆድዎን ቁጥር እንየው» አለኝ። ምን ማለት እንደሆነም አስረዳኝ። እራት ተበልቶ፣ ከዚያ ወዲያ ከውሃ በቀር ምንም ሳይቀመስ አድሮ፣ ጠዋት ቁርስ ሳይነካ የሚለካ ነው። ጤነኛ ሰው ከመቶ በታች ነው የሚያመጣው። ከመቶ እስከ መቶ ሃያ አምስት ያመጣ ሰው ስኳር እየተጠጋው ነው ማለት ነው፣ ይጠንቀቅ። መቶ ሃያ ስድስትና ከዚያ በላይ በተለያየ ቀን ሁለቴ ከታየ ግን ስኳር ገብቷል። «እርስዎን አንዴ ይዞዎታል» አለኝ፣ «ለእርስዎ ከሰማንያ እስከ መቶ ሠላሳ ከሆነ ደግ ነው። እዚያ ካወረዱልኝ ስለ ሮመዳን እንነጋገራለን።»

አብሽሪ፣ አይዞሽ አልኩት ራሴን፣ መቶ ሠላሳ ምን አላት! ከዚያን ቀን ጀምሮ በአፌ ላይ ዘበኛ አቆምኩ። ሻይ ያለ ስኳር፣ እራት ከመግሪብ በኋላ ወዲያው፣ እሷም ትንሽ። ከዚያ ኪኒኔን ውጬ፣ ኢሻ ሰግጄ እተኛለሁ። ሰርግ ተጠርቼ ሄጄ ለስላሳ ሲያድሉ ውሃ ጠጥቼ ተመለስኩ። እንዲህ ሆኜ ጠዋት ማሽኑ መቶ ሰባ ስምንት አለ። በማግስቱም መቶ ሰባ። በሌላው ቀን ጭራሽ መቶ ሰማንያ አለፈ።

ልጄ ማሽኑን አስቀመጠችው። ከዚያ «እማ፣ ሌሊት የምትቀምሺው ነገር አለ?» አለችኝ።

«ምን እቀምሳለሁ?»

«እኔ እንጃ። ብቻ የጓሮው በር ሲጥጥ ሲል እሰማለሁ። ጠዋት ደግሞ የውሃው ጆግ ባዶውን ነው።»

የጓሮው በር ቆርቆሮ ነው፣ በቀስታ ቢከፍቱትም ይጮኻል። ወደ ማድ ቤቱም ወደ ሽንት ቤቱም መውጫው እሱ ነው። «ድመት ትሆናለች» አልኳት፤ እሷም «ድመት ጆግ አንስታ ትጠጣለች?» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ለምን ወጥተሽ አላየሽኝም ብላት አንገቷን ደፋች። «በዓይኔ አይቼ እንዳላዋርድሽ ብዬ ነው» አለች። አያችሁልኝ? አክብራኝ ነው የማታየኝ፣ አክብራኝ ነው ሌባ ያደረገችኝ!

እኔም እልህ ያዘኝና ወደ ባሌ ዞርኩ። በረንዳው ላይ ሱሪ እያሳጠረ ነበር። አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው። እሱ ግድግዳ ጥግ፣ እኔ በውጭ በኩል ስለምተኛ፣ እኔ ብነሳ ብርድ ልብሱ ከላዩ ይገፈፋል። ከእሱ የሚበልጥ ምስክር ከየት ይመጣል? «በል ንገራት፣ ሌሊት እነሳለሁ?» አልኩት።

ከመኪናው ላይ ቀና ሳይል «እኔ እንቅልፋም ነኝ፤ የማየው የለም» አለ።

ጆሮዬን አላመንኩም። እሱ እንቅልፋም! ጥጃ ከገመዷ ብታመልጥ ቀድሞ የሚሰማው፣ መስጊዱ አዛን ሳይል የሚነቃው ሰውዬ! «ከመቼ ጀምረህ ነው እንቅልፋም የሆንከው?» አልኩት። «እርጅና ነዋ» አለና መኪናውን አንቀሳቀሳት። ከዚያ የባሰውን ለልጄ ለብቻዋ ነገራት። እናትሽ ምናልባት በእንቅልፍ ልቧ ትነሳ ይሆናል፣ ሳታውቀው ትበላ ይሆናል፣ አትጫኛት አላት። ለእኔ ማዘኑ ነው እንግዲህ።

ልጄ ሰምታ ቁም ሳጥኑን ቆለፈችው። ማሩ፣ ተምሩ፣ ስኳሩ፣ ዳቦው ሳይቀር ገባ። ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። እኔ ጡት አጥብቼ ያሳደግኋት እናቷ፣ እንግዳ ሲመጣ ለሻይ የሚሆን ስኳር ከጎረቤት መለመን ጀመርኩ። የጂዳዋም ደውላ አለቀሰች። «እማ ማሎ፣ ስለ አላህ ብለሽ፣ ለእኛ ብለሽ እንኳ አፍሽን ያዢ» አለችኝ። ባሕር ተሻግሮ ሄዷል ወሬዬ! በስልኩ ላይ ምን ብዬ ልማል? ወላሂ አልኩ፣ ቢላሂ አልኩ። «እሺ እማ» አለችኝ፣ እንደ ሕፃን እያባበለች።

ቀን አይጣል እንጂ ከጣለ ሰው ራሱንም ይጠራጠራል። እውነት እየተነሳሁ ይሆን? እንቅልፌ እንደሆነ ከባድ ነው፣ ምን አውቃለሁ? አንዳንድ ጠዋት ስነቃ ምላሴን በጥርሴ እየፋቅሁ ጣዕም እፈልግ ነበር። ምንም የለም። ማሽኑ ግን አለ ይላል። ያ ረቢ፣ ሰው ከራሱ አፍ ጋር ሲጣላ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

አንድ ማታ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አባቴ ሰንበቴ ላይ ፍየሎቹ ከሌላ ነጋዴ ፍየል ጋር እንዳይቀላቀሉበት የራሱ ቋጠሮ ነበረው። እዚያ ሁሉም የየራሱ ቋጠሮ አለው። ሌላ ሰው ቢፈታው መልሶ እንደዚያ አድርጎ ማሰር አይችልም፣ ሌባው በዚያ ይያዛል። ያንን ቋጠሮ እኔ አውቀዋለሁ፣ ሁለት እጅና ጥርስ ይፈልጋል። ነቅቶ በብርሃን ካልሆነ በቀር አይታሰርም። ገመድ አመጣሁና ሻሼን በቁርጭምጭሚቴ ላይ ጠምጥሜ፣ በላዩ ላይ እግሬን ከአልጋው እግር ጋር አሰርኩት። ባሌ ቆሞ ያየኛል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሌባዋን እያሰርኩ ነው» አልኩት።

«ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት እብደት ነው?» አለና ዘሎኝ ወደ ግድግዳው ገብቶ ተኛ።

ጠዋት ስነሳ ቋጠሮው እንዳለ ነው፣ ፍንክች አላለም። ሳልፈታው ልጄን ጠራኋት። ማሽኑን ይዛ መጣች፣ እግሬን አየች፣ ጣቴን ወጋች። መቶ ሰማንያ አንድ። «አየሽ? አየሽ አይደል? ታስሬ አድሬ ነው ይሄ!» ብዬ ጮህኩ። ደስታዬን ብታዩት! ቁጥሩ ከፍ ብሎ የተደሰተ በሽተኛ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። እሷ ግን ዓይኗ እንባ ሞላ። «እማ፣ ያሰርሽውም አንቺ፣ የምትፈቺውም አንቺ» አለችኝ።

የአባቴን ቋጠሮ የት ታውቀውና! ወደ ባሌ አየሁ፣ እሱ ያውቀዋል። ስንጋባ ከአባቴ ጋር ሰንበቴ ገበያ ውሎ ያውቃል፣ ይህን ቋጠሮ ልፈታ ብሎ ጥፍሩን የሰበረ ሰው ነው። «አንተ እንኳ ንገራት» አልኩት። ጫማውን እየፈለገ «አላህ ያውቃል» አለና ወጣ። ገመዱን በጥርሴ ፈታሁት። ያን ቀን ነው ሆዴ የቆረጠው። ሮመዳን ሊገባ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ለማንም ሳልናገር ባጃጅ ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የስኳር ክትትል የምትሠራ ሲስተር አለች፣ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እያፈራረቀች የምታወራ፣ ሳቂታ። ፊት ለፊቷ ሳልቀመጥ እንባዬ መጣ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፣ ገመዱን ጭምር። ትስቃለች ብዬ ነበር፣ አልሳቀችም።

«እናቴ፣ እርስዎ አልበሉም» አለችኝ።

እንዲህ ያለኝ የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት። አገላብጬ ሳምኳት። ከዚያ አስቀምጣ አስረዳችኝ። ጉበት የምትባለው ነገር ለካ ስኳር ታስቀምጣለች። ሰው ሳይበላ ሲያድር፣ ሊነጋ ሲል፣ ሰውነት ለመንቃት ሲዘጋጅ፣ ጉበት ካስቀመጠችው እያወጣች ወደ ደም ትለቃለች። ጤነኛው ሰው ይቆጣጠረዋል፣ የስኳር በሽተኛው ግን ላይችል ይችላል። ስለዚህ ተኝቶ፣ ታስሮም ቢሆን፣ ቁጥሩ ይወጣል። «የጠዋቱ ቁጥር ብቻውን ሌሊት ምን እንደተበላ አይናገርም» አለች። «ሲተኙም ይለኩና ሁለቱን ያስተያዩ። የመኝታው ደህና ሆኖ የጠዋቱ ከወጣ፣ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ማነስ እንጂ የአፍዎ ላይሆን ይችላል። ሐኪሙ ያስተካክለዋል።»

ለካ ሌባዋ እዚሁ ከጎኔ ስር ተቀምጣ ኖሯል! እየሳቅሁ እንባዬን ጠረግሁ። ሲስተሯ እየጻፈች ጠየቀችኝ። ውሃ ይጠማዎታል? ሌሊት ለሽንት ይመላለሳሉ? ዓይንዎ ይደበዝዛል? ከስተዋል? ስኳር በጣም ሲወጣ የሚታይ ነው አለች። የለብኝም፣ የለብኝም እያልኩ ስመልስ አፌ መሃል ላይ ቆመ።

ጆጉ። የጓሮው በር። ጆጉን የሚጨርሰው፣ በሩን የሚያስጮኸው ሰው እኔ ካልሆንኩ ማነው? ዓይኑስ የደበዘዘው? መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶት ልጁን «መነጽሬ ቆሽሾ ነው፣ እስቲ አስገቢልኝ» የሚላትስ? ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ የበሳውስ? እኔ ጦም አዳሪዋ ሌባ ስባል ሌሊቱን ሙሉ የሚመላለሰው ማን ነበር? ከግድግዳው ጥግ የሚወጣ ሰው በእኔ ላይ አልፎ ነው የሚወጣው። በታሰረው እግሬ ላይ፣ በገመዱ ላይ ተራምዶ።

ማታ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ጠዋት ከሱብሒ ሲመለስ በር ላይ ጠበቅሁት፣ ማሽኑን ይዤ። «ና ተቀመጥ» አልኩት።

«ምን ልሁን?»

«ጣትህን።»

«እኔ ምን ሆኜ? መርፌ ደግሞ...»

«ዕድሜህን ሙሉ በመርፌ የኖርክ ሰው አሁን መርፌ ፈራሁ ትለኛለህ?» ብዬ እጁን ያዝኩት። ጣቱ ደድሯል፣ ሁለቴ ነው የወጋሁት። ማሽኑ ሲቆጥር እሱ መሬት መሬቱን ያያል። ሦስት መቶ አርባ ሁለት ወጣ። ምንም ሳይቀምስ አድሮ።

«ትጠማለህ?»

«አዎ።»

«ሌሊት ትወጣለህ?»

«አዎ።»

«ስትወጣ ገመዱ እንደታሰረ አይተኸዋል?»

«ጨለማ ነው፣ ግን ቋጠሮውን በእግሬ አወቅሁት» አለኝ። «እንዳልነካው ተጠንቅቄ ነው የተራመድኩት።»

ማሽኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ተጠንቅቆ! እኔን እንዳይቀሰቅሰኝ ተጠንቅቆ፣ ጠዋት ስጮህ ደግሞ አላህ ያውቃል! «ለምን?» አልኩት።

«አንቺ ተኝተሽ ማደርሽን ለልጃችን ብነግራት እንዴት አወቅህ ትለኛለች። ሌሊቱን ስመላለስ እንደማድር ትደርስበታለች። ከዚያ ያስለኩኛል፣ ሮመዳንን ይከለክሉኛል።»

«የእኔስ ሮመዳን?»

ቀና ብሎ አየኝ። ክፋት የለበትም ፊቱ፣ እሱ ነው የሚያቃጥለው። «አንቺማ አምናም አልሶምሽም» አለኝ። «አንዴ ለምደሽዋል ብዬ ነው።»

አልሰደብኩትም። ልጄን ጠራሁና «በል የነገርከኝን ለእሷም ንገራት» አልኩት። ነገራት። ልጄ እግሬ ላይ ወደቀች፣ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። እሷን ይቅር አልኳት፤ ልጅ ናት፣ በር ሲጮህ ሰምታ ነው። እሱም ይቅር በይኝ ብሏል፣ ሽማግሌ ልልክም ብሏል። ምን ብዬ ነው ሽማግሌ ፊት የምከሰው? ባሌ ተራመደኝ ብዬ?

ሐኪሙ የመኝታዬንና የጠዋቴን ቁጥር አስተያይቶ የማታ መድኃኒቴን ለወጠልኝ። የጠዋቱ ቁጥር መቶ ሃያዎቹ ውስጥ ገባ። በሶሙም ጊዜ እየለኩ፣ ከሰባ ከወረደ ወይ ከሦስት መቶ ከወጣ ወዲያው ያፍርሱ ብሎኝ ፈቀደልኝ፤ ማፍጠሪያ ላይ ለተምር ያለኝን ፍቅር ብነግረው እየሳቀ «አንዲት ብቻ» አለኝ። ለእሱ ግን «ዘንድሮ አይሞከርም» ነው ያለው። ይኸው የእኔ ቦታ ለእሱ ደረሰች። ምሳውን ከመጋረጃው ጀርባ ይበላል። የምሠራለት እኔ ነኝ፣ ሶሜን ይዤ፣ ጨው ሳልቀምስ። ሳህኑን አስቀምጬ እወጣለሁ፣ አላናግረውም። «ለሰው አትንገሪብኝ» ብሎ ለምኖኛል። በረንዳ ላይ የሚውል ሰው ነው፣ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል።

ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በአንዱ የልጅነት ጓደኛው እኛ ዘንድ ሊያፈጥር መጣ። ምንጣፉ ላይ ተቀምጠን አዛን እንጠብቃለን። ጓደኛው ባሌን አየት አድርጎ «አንተ ሰውዬ ከስተሃል፣ ሶሙ በረታብህ እንዴ?» አለው።

ባሌ «አልሐምዱሊላህ፣ ተይዟል» አለ። ከዚያ ምን እንደነካው አላውቅም፣ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለና «እሷን ጠይቃት፣ አብራኝ የምትውል ምስክሬ ናት» አለ። እንደ ድሮው ሊያስቅ ፈልጎ ነው። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

«እኔ እንቅልፋም ነኝ» አልኩ፣ «የማየው የለም።»

እንግዳው «በቀን ነው ደግሞ የምትተኚው?» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። እሱ ብቻ ነው የሳቀው። ወዲያው አዛኑ ተሰማ። ባሌ ከሳህኑ አንስቶ የያዛት ተምር እጁ ላይ ነበረች፣ ወደ አፉም አላደረሳት፣ አላስቀመጣትም። ከጣቱ መሃል ወሰድኩና ቢስሚላህ ብዬ በላኋት። የሶምኩት እኔ ነኝ።